ለብሪም የተሠራ ማታለያ አዋሽ ድልድይ ሥር ምን ይይዛል?

ገንደ ቆሬ፦
ሰላም ለሁላችሁም። የአጎቴ ልጅ ከአውስትራሊያ ለዕረፍት መጥቶ ሰንብቶ ሲመለስ ሻንጣው ከሚፈቀደው ክብደት አለፈበትና አንድ የፕላስቲክ ሣጥን እኔ ዘንድ ትቶ ሄደ። ዘንጉንም ከነማጠንጠኛው ጨምሮልኛል። በሣጥኑ ውስጥ ያለው ሁሉ የዓሣ ማታለያ ነው። የአውራ ጣት ጥፍር የሚያህል የጎማ ሸርጣን አለ፤ እግሮቹ አንድ በአንድ ወጥተው ተሠርተዋል፣ ትንፋሽ ሲነካቸው ሳይቀር ይንቀጠቀጣሉ። ጅራቱ የተቆለመመ የጎማ ትል አለ፤ ከረጢቱ ሲከፈት ቤቱን በሙሉ የባሕር ሽታ ይሞላዋል፣ ባለቤቴም ከበረንዳ ውጪ እንዳልከፍተው አስጠንቅቃኛለች። ጀርባው ላይ ቀዳዳዎች ያሉት፣ ምላጭ የሚያህል ስስ ብረትም አለ። የቀሩት ዓይን የተሳለባቸው ትናንሽ የፕላስቲክ ዓሦች ናቸው።

የአጎቴ ልጅ እንዳጫወተኝ ሜልበርን ከተማ መሐል በሚያልፍ ወንዝ ላይ፣ ድልድዮችና የጀልባ መቆሚያዎች ሥር፣ ብሪም የሚባል ዓሣ የሚይዘው በእነዚህ ነው። እኛ ድሬ ላይ የጀልባ መቆሚያ ቀርቶ ጀልባም የለን። እኔ ግን በሥራ ምክንያት አዋሽ ሰባት እመላለሳለሁ፤ እዚያ ሳለሁ በናይሎን ክርና በምድር ትል ዓሣ ማጥመድ ልማዴ ነው። ጥያቄዬ ይኸው ነው፦ የዚያ አገር ማታለያ አዋሽ ላይ ይሠራል ወይስ ሣጥኑን ለልጆች መጫወቻ ልስጠው? የሞከረ ሰው ካለ ይንገረኝ።

ደቻቱ ማዶ፦
እዚሁ ድሬ መሐል፣ በጋውን ደረቅ አሸዋ የሆነው ደቻቱ ወንዝ ድልድይ ሥር ሞክረው። ከአሸዋው ውስጥ ያረጀ የባጃጅ ጎማ ታወጣለህ፤ እሱም ካልታገለህ ነው።

ቀልዱን ትቼ፣ ክረምት ላይ «ውኃ መጣ» ብለህ ዘንግ ይዘህ እንዳትወርድ። ደጋው ላይ ከዘነበ እኛ ጋ ጠብታ ሳይወርድ ጎርፉ ሊደርስ ይችላል። የ1998 ዓ.ም. የሐምሌ መጨረሻ ሌሊት ከ200 በላይ ሰው የወሰደው ይኸው ቀን ቀን ልጆች ኳስ የሚጫወቱበት አሸዋ ነው። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም።

ፉትስክሬይ፦
የለገሀሬ ልጅ ነኝ፤ ሜልበርን ከገባሁ ቆይቻለሁ። ሠፈራችን ፉትስክሬይ ያለችው ማሪቢርኖንግ ወንዝ ዳር ነው፤ ከሐበሻ ምግብ ቤት ወጥቶ ሽሮው ሳይበርድ ወንዙ ጋ መድረስ ይቻላል። የሣጥኑን ባለቤት ባላውቀውም የት የት ሲጥል እንደነበር መገመት አያቅተኝም።

ስለ ዓሣው ልንገርህ። ጥቁር ብሪም የሚገኘው በአውስትራሊያ ደቡባዊ ዳርቻ ብቻ ነው። የሚኖረው የባሕሩ ጨዋማ ውኃና የወንዙ ውኃ በሚቀላቀሉበት ክፍል ነው። ዝናብ በዝቶ ወንዙ ሲሞላ ወደ ባሕሩ ጠጋ ይላል፤ በጋ ሆኖ ጨዋማው ውኃ ሽቅብ ሲገፋ አብሮ ይወጣል። ዕድገቱ አዝጋሚ ነው፤ ከ20 ዓመት በላይ የሚኖርም አለ። ትልቅ ብሪም ስትይዝ ምናልባት ከልጅህ የሚበልጥ ፍጡር ይዘሃል። እዚህ ቪክቶሪያ ክፍለ ግዛት ከ28 ሴንቲ ሜትር ያነሰው ወደ ውኃው እንዲመለስ ሕጉ ያዛል፤ ለማጥመድም ፈቃድ መግዛት ግዴታ ነው። እኔ ትልቁንም እመልሰዋለሁ፤ ያ የእኔ ጠባይ ነው።

አሁን ወደ ምሰሶው። ውኃ ውስጥ የቆመ የድልድይ ወይም የጀልባ መቆሚያ ምሰሶ ሳይቆይ በዛጎል ይለበጣል። በዛጎሎቹ መሐል ትል፣ ትናንሽ ሸርጣንና ሽሪምፕ ይገባሉ። ብሪም መንጋጋው ላይ ክብ ክብ ጠንካራ ጥርሶች አሉት፤ ዛጎሉን ከምሰሶው ነቅሎ ይሰብርበታል። ምሰሶው ማዕዱ ነው። በዚያ ላይ ጥላ ያገኛል፣ ውኃው ሲሮጥም ከምሰሶው ጀርባ ያርፋል። ስለዚህ ከምሰሶው ሁለት ክንድ ርቆ የወደቀ ማታለያ ምንም ቢያምር ጥቅም የለውም። ምሰሶውን ታክኮ መውረድ አለበት።

አብዛኛው ሰው የሚቸገረው አወራረዱ ላይ ነው። ጥሎ ወዲያው ማጠንጠን ይጀምራል። ብሪም ግን በአብዛኛው የሚነክሰው ማታለያው እየወረደ ሳለ ነው። ለዚህ ነው ክብደቱ ትንሽ የሆነው፤ የጎማዋን ትል የምታስገባበት እርሳስ ራስ ያለው መንጠቆ ሁለት ግራም ገደማ ቢሆን በቂ ነው፣ ውኃው ከሮጠ ትንሽ ትጨምራለህ። ትጥላለህ፣ ክሩን ትለቅለታለህ፣ ዓይንህን ክሩ ላይ ትተክላለህ። ክሩ ወለሉ ሳይደርስ ከቆመ ወይም ወደ ጎን ፈቀቅ ካለ ዓሣ ይዞታል ማለት ነው። ብዙ ጊዜ እጅህ ላይ ምንም አይሰማህም። ካልነከሰ ጫፉን ቀስ ብለህ አንድ ጊዜ ብድግ አድርገህ እንደገና ልቀቀው፤ ከዚያ ዝም በል። ዝምታው ሲረዝም ሰው ይሰለቻል፣ ብሪም ግን የሚመጣው ያኔ ነው።

ሲነክስ ደግሞ መንጭቀህ አትሳብ። ዘንጉን ጎንበስ አድርገህ ክሩን ወጥረው፣ ወዲያው ከምሰሶው አርቀው። የማጠንጠኛውን ፍሬን አስቀድመህ ማስተካከል ያለብህ ለዚህ ነው፤ ላላ ካለ ዓሣው ምሰሶውን ይዞርና ዛጎሉ ክርህን እንደ ምላጭ ይቆርጠዋል። እኛ የምንጠቀመው ዋና ክር ቀጭን የተጎነጎነ ነው፣ ጫፉ ላይ ግን ፍሎሮካርቦን የሚባል በውኃ ውስጥ እምብዛም የማይታይ ክር፣ ከሁለት እስከ አራት ኪሎ የሚሸከም፣ እናስራለን። ከዚያ ሲወፍር ብሪም ይሸሻል፤ ሲቀጥን ምሰሶው ይበላዋል።

ጀልባ መቆሚያ ላይ ስትራመድ ጫማህን እንደ መስጊድ ደጃፍ ብታወልቅ አይበዛም። የእንጨቱ ድምፅ ቀጥታ ውኃው ውስጥ ይገባል። ስለ ቀለም የሚከራከሩትን ደግሞ ተዋቸው፤ ሱቅ ውስጥ ቀለም የሚመርጠው ገዢው እንጂ ዓሣው አይደለም። መጀመሪያ ቦታ፣ ቀጥሎ ክብደት፣ ቀለም ከሁሉም በኋላ።

ጥያቄህን ስመልስ፦ ሣጥኑ የተሠራው ከምሰሶ ላይ ለቅሞ ለሚበላ ዓሣ ነው። አዋሽ ውስጥ ምን ዓሣ አለ፣ የሚበላውስ ምንድን ነው? ይህን ሳታውቅ ማታለያ መምረጥ ከንቱ ድካም ነው።

አዋሽ ሰባት፦
ከባሕር ማዶ የተጻፈውን በአክብሮት አነበብኩት፤ ሲነበብም ይጥማል። እኔ ግን አዋሽ ዳር ተወልጄ ያደግሁ ሰው ነኝ፤ ቆሮሶ ጎማ ሲበላ አላየሁም፣ ከአባቴም አልሰማሁም። እኛ የምናውቀው ትል፣ የተቦካ ሊጥ፣ ለአምባዛ ደግሞ የበግ አንጀት ነው። የጎማ ሸርጣኑን ለልጆችህ ስጥ፣ ክሩንና ዘንጉን ለእኔ።

የቀድሞ ዓለማያ ተማሪ፦
ሁለታችሁም ልክ ናችሁ፤ የምታወሩት ግን ስለተለያየ ዓሣ ነው።

ያደገ ቆሮሶ ዋነኛ ምግቡ ውኃው ላይ የሚንሳፈፍ አልጌና ድንጋይ ላይ የሚበቅል አረንጓዴ ነገር ነው። የሚያሳድደው ነገር ስለሌለ የሚሮጥ ማታለያ ቢያልፍበት ግድ አይሰጠውም። በሊጥና በትል የሚያዘው አፉ አጠገብ የተቀመጠ የሚቀመስ ነገር ስለሆነ ነው። ወንዱ ግን በመራቢያው ወቅት ጥልቀት በሌለው ቦታ ጎድጓዳ ጎጆ ቆፍሮ ይጠብቃል፤ ያን ጊዜ ለመብላት ሳይሆን ለማባረር የቀረበውን ሁሉ ይነክሳል። እንዲህ ሲጠብቅ መያዙን ግን አልመክርም። ሴቷ እንቁላሉን አፏ ውስጥ ይዛ ነው የምትፈለፍለው፤ በዚያን ጊዜ የተያዘች እናት ከነልጆቿ ጠፋች ማለት ነው።

ለማታለያ የሚሆኑት ሁለት ናቸው። አንዱ ቢልጫ ነው፤ ሲያድግ ትናንሽ ዓሦችን ያድናል፣ ጠንካራና ፈጣን ነው። ሁለተኛው አምባዛ፤ እሱ የማይበላው ነገር የለም። ማታ ማታ ይንቀሳቀሳል፣ ዓይኑ ደካማ ነው፣ የሚመራው በጢሙና በሽታ ነው። ከውጭ ገብቶ ቆቃ አካባቢ የተስፋፋው ዱባ የሚባለው ዓሣ ደግሞ ወለሉን እየቆፈረ የሚበላ ስለሆነ ሊጥ ይዞ መጠበቅ ይሻላል።

መቼም ሐሮማያ ሳልጠቅስ አላልፍም። ሐይቁ ደርቆ መሬቱ ላይ ከብት ሲግጥ፣ ሐረርም ውኃዋን ከድሬ አቅጣጫ ከሀሰሊሶ ስታስመጣ አይተናል። አሁን ውኃው ተመልሷል። እባካችሁ እዚያ ዘንግ ይዛችሁ ለመድረስ አትቸኩሉ፤ ዓሣው ይራባበት።

ገንደ ቆሬ፦
እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ጋሼ ፉትስክሬይ፣ አንድ ነገር ግራ ገባኝ። የአጎቴ ልጅ ሲያስረዳኝ «የባሕሩን ሙላትና ጉድለት ጠብቀህ ጣል» ይል ነበር፤ ስልኩ ላይም የሰዓት ሠንጠረዥ ነበረው። አዋሽ ባሕር አይደርስ፣ ሙላትና ጉድለት ከየት ይመጣል? ደግሞም ውኃው ድፍርስ ነው። ሸርጣኑን የሚያየው ማን ነው?

ፉትስክሬይ፦
ሠንጠረዡን እርሳው። እኛ ጋ ባሕሩ በቀን ውስጥ ሲሞላና ሲጎድል ወንዙን ሽቅብም ቁልቁልም ያስኬደዋል፤ ብሪም ፊቱን ሁልጊዜ ወደሚመጣው ውኃ ያዞራል፣ ስለዚህ የትኛው የምሰሶ ጎን ላይ እንደምንጥል ሰዓቱ ይነግረናል። ውኃው ጨርሶ ሲቆም ዓሣውም ብዙ ጊዜ መብላቱን ይቀንሳል። አዋሽ ግን ዕድሜ ልኩን ወደ አንድ አቅጣጫ ነው የሚፈስሰው፤ አፋር ውስጥ አቤ ሐይቅ ላይ ያበቃል። ለአንተ የሚቀልህም ይኸው ነው፤ የምሰሶው ፊትና ጀርባ አይለዋወጥብህም።

ወንዝ ምሰሶ ሲመታ በፊት ለፊቱ በኩል ይገፋና ቁልቁል ይቆፍራል፤ ስለዚህ ምሰሶው ሥር ከአካባቢው የጠለቀ ጉድጓድ ይገኛል። አምባዛን እዚያ ፈልግ። ከምሰሶው ጀርባ ደግሞ ዝግ ያለ፣ የሚሽከረከር ውኃ አለ። ፈጣኑና ዝግተኛው የሚገናኙበት መስመር ከላይ ሲታይ አረፋና ቅጠል ተሰልፎ ይሄድበታል። ቢልጫን የመሰለ አዳኝ ዓሣ በዝግተኛው በኩል ሆኖ ፈጣኑ የሚያመጣለትን ይጠብቃል ብዬ እገምታለሁ። ማታለያህን ከላይ በኩል ጥለህ ውኃው ራሱ መስመሩ ላይ እንዲያደርስልህ ተወው። የውኃው መጠን የሚለዋወጠው በባሕር ሳይሆን በዝናብና ከላይ ግድቦቹ በሚለቁት ነው፤ ቆቃ በ1960 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ከተሠራ ወዲህ ወንዙ እንደ ድሮው አይደለም። ከፍ እያለ ከሆነ ራቅ በል።

ስለ ድፍርሱ፦ ሜልበርንን የሚያቋርጠው የእኛ ያራ ወንዝም ቡናማ ነው፣ አትፍራ። ዓሣ ጎኑ ላይ የውኃን ንዝረት የሚሰማበት መስመር አለው። ሸርጣኑን ቤት ተወው፣ ምላጭ መሳዩን ብረት ውሰድ። ጀርባው ላይ ያሉት ቀዳዳዎች የማሠሪያ ቦታዎች ናቸው፤ ከፊተኛው ስታስረው ንዝረቱ ጠበቅ ይላል፣ ወደ ኋላ ሲሄድ እየሰፋ ይሄዳል። ብድግ ስታደርገው ዘንጉ እጅህ ውስጥ ይርገፈገፋል፤ ካልተርገፈገፈ ጭቃ ወይም ቅጠል ይዟል፣ አውጥተህ አጽዳው።

የጅቡቲ ባቡር፦
ስለ ብሪም ካነሳችሁ ዘመዶቹን በቅርብ የምታገኙት አውስትራሊያ ሳይሆን ጅቡቲ ነው። ታጁራ ባሕረ ሰላጤ ውስጥ ግንባሩ ላይ ጥቁር መስመር ያለው፣ ከድንጋይና ከምሰሶ የማይርቅ የብሪም ወገን አለ። የድሬ ሰው ከጅቡቲ ጋር በሐዲድ ከተገናኘ ከመቶ ዓመት በላይ ሆኖታል፤ ሐዲዱ ድሬ የደረሰው በ1902 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ነው። ስንት ነገር በዚያ ሐዲድ ስናመላልስ ኖረን ዘንግ ይዞ የተሳፈረ አለመኖሩ ይገርማል። ዋናው ወደብ ጥበቃ ያለበት ክልል ነውና እዚያ አይታሰብም፤ ከከተማው ወጣ ብለው ዓሣ አስጋሪዎቹ የሚያርፉበትን ጠይቁ። ሙቀቱን የድሬ ሰው ይችለዋል ብዬ ነበር፤ ሐምሌ ላይ ግን እኔም እጅ ሰጥቻለሁ።

ቀፊራ፦
ወንድሞቼ፣ ማታለያውን ስትመርጡ ዋላችሁ፣ ዓሣው ቤት ሲገባ ምን እንደሚሆን ማንም አልጠየቀም። ቢልጫ አጥንቱ ብዙ ነው፤ ጎን ጎኑን በቢላዋ ዘልዝሎ ዘይት ውስጥ በደንብ ካላንጣጡት ልጅ ያንቃል። ቆሮሶ ለጉላሽም ለኮተሌትም ይሆናል። አምባዛን ደግሞ ቅርፊት የለውም ብለው የማይቀምሱ ቤቶች አሉ፣ የእኔ አማት አንዷ ናቸው። እኔ በበኩሌ በሚጥሚጣ ሲጠበስ ከሁሉም አስበልጠዋለሁ፤ እሳቸው ሲሄዱ ነው የምሠራው።

ደቻቱ ማዶ፦
በጾም ዓሣ ይበላል አይበላም የሚለውንስ?

አወያይ፦
በዚያ ጉዳይ ቀድሞ የተከፈተው ውይይት ከመቶ በላይ አስተያየት ተሰጥቶበት በጥል ተዘግቷል። እዚህ አይቀጥልም። ወደ ዘንጉ።

አዋሽ ሰባት፦
ወንድም ገንደ ቆሬ፣ መምጣትህ ካልቀረ እነዚህን ያዝ። ትልልቆቹ ድልድዮች ላይ ጥበቃ አለ፤ የባቡሩም የመኪናውም። ሥራቸው ገብተህ ዘንግ ስታወዛውዝ ብትገኝ ስለ ብሪም የሚሰማህ የለም። ዘበኞቹን ቀድመህ አስፈቅድ፣ ፎቶ አታንሳ። ብሔራዊ ፓርኩ ክልል ውስጥም በገዛ ፈቃድህ አትጣል። የዓሣ ሀብት ልማትና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 315/1995 የሚባል አለ፤ የወረዳው ግብርና ጽሕፈት ቤት ምን እንደሚጠይቅህ ሄደህ ስማ።

ዋናው ግን አዞ ነው። አዋሽ ውስጥ አዞ አለ። የተሰነቀረ ማታለያ ለማስለቀቅ ብለህ ጉልበትህ ድረስ እንኳ እንዳትገባ። በጥሰው፣ ይቅር። ውኃ ሲወስድ አሳስቆ ነው። ከዳሩ ሁለት ሦስት ሜትር ርቀህ ቁም፤ ዓሣ ስታወጣም ጎንበስ ብለህ በእጅህ አታንሣ፣ ጎትተህ ደረቅ ላይ አውጣው። መሸት ሲል ደግሞ ብቻህን አትሁን፤ ደውልልኝ፣ አብሬህ እወርዳለሁ። ጎማ የሚበላውን ዓሣ በዓይኔ ማየት እፈልጋለሁ።

ገንደ ቆሬ፦
ሄደን መጣን። አዋሽ ሰባትን አመሰግናለሁ፤ የወሰደኝ ገደሉ አልቆ ወንዙ ሜዳ ላይ ከወጣ በኋላ ያለ አንድ ዝቅተኛ ድልድይ ነው። አስፈቅደን ገባን። ወቅቱ ታኅሣሥ ስለሆነ ውኃው ቀነስ ብሏል፤ ድፍርስ ቢሆንም የክረምቱ ዓይነት ጭቃ አይደለም።

ሸርጣኑን ጋሼ ፉትስክሬይ ተወው ቢሉኝም ጉጉቴ አላስቻለኝምና አንድ ሁለት ጊዜ ምሰሶው ሥር አወረድኩት። ምሰሶው ልሙጥ ሲሚንቶ ነው፤ ዛጎል የለ፣ ሸርጣን የለ፣ እዚያ ለቅሞ የሚበላም የለ። የነካውም የለም። ወደ ጎማ ትሉ ተሻገርኩ። ከምሰሶው በላይ ጥዬ ውኃው ወደ አረፋው መስመር እንዲወስደው ተውኩት። ክሩ ተወጥሮ ሳይሆን ረገብ ብሎ ነበር የሚሄደው። ምሰሶውን አለፍ እንዳለ ክሩ ቆመ። ቅጠል የያዘ መስሎኝ ነበር፤ ከዚያ ቀስ ብሎ ከፍሰቱ በተቃራኒ ሽቅብ መሄድ ጀመረ። ቅጠል ሽቅብ አይሄድም! ዘንጉን ጎንበስ አድርጌ ወጠርኩት፤ ማጠንጠኛው ጮኸ፣ ዓሣው ወደ መሐል ወንዝ ሮጠ። የወጣው ክንድ የሚደርስ ቢልጫ ነው፤ ጎኑ የነሐስ ቀለም አለው፣ የጎማዋ ትል ጅራት ከአፉ ጥግ ተንጠልጥላ ነበር። አዋሽ ሰባት አፉን ከፍቶ አይቶ፣ ጎማዋን በጣቱ ነክቶ «ይህን?» አለ።

ፀሐይ ልትገባ ስትል ብረቱን አሠርኩ። የምሰሶው ፊት ያለው ጉድጓድ እውነትም ጥልቅ ነው፤ ክሩ ሌላ ቦታ ከሚወርደው እጥፍ ወረደ። ብድግ፣ ልቀቅ፣ ብድግ። አንዱ ላይ ብድግ አልልም አለ። ዓሣው አልሮጠም፤ ወለሉ ላይ ተኝቶ ራሱን ይነቀንቃል። አምባዛ ነበር። ብዙ ታግሎ ዳሩ ጋ ሲደርስ ተጠማዘዘና ተለየኝ። ብረቱን ሳወጣው ባለ ሦስት ጥርሷ መንጠቆ ሁለቱ ጥርሶቿ ቀጥ ብለው ነበር።

አዋሽ ሰባት፦
ያየሁትን እመሰክራለሁ፤ ቢልጫው ጎማ በልቷል። ነገር ግን ወንድሜ ያልጻፈውን እኔ ልጻፍ፦ በዚያው ሰዓት እኔ በትል ቆሮሶ እያከታተልኩ አወጣ ነበር፣ እራታችንም የበላነው የእኔን ነው። እሱ ሲጥልና ሲያነሣ፣ ሲያስርና ሲፈታ ነው የዋለው። ለሚበላ ሰው ትል ይሻላል።

ፉትስክሬይ፦
በዚህ አልከራከርህም። እኛም ጋ ሽሪምፕና ትል ሰክቶ የተቀመጠ ሽማግሌ በማታለያ የሚንጎራደደውን ወጣት ስንት ጊዜ ያሳፍራል። ማታለያ የሚያሸንፈው ቦታ በመቀያየር ነው፤ አንተ ትልህን ይዘህ አንድ ጉድጓድ ስትጠብቅ እሱ ሁሉንም ምሰሶ አዳርሶ ዓሣው የትኛው ሥር እንዳለ ያውቃል። አብራችሁ ብትሠሩ እሱ ይፈልግልሃል፣ አንተ ታወጣለህ።

ስለ መንጠቆዋ፦ ለብሪም የሚሠሩት ማታለያዎች የሚይዙት ቀጭን ሽቦ ነው። ብሪም አፉ ትንሽ ነው፣ ስስ መንጠቆ በቀላል ክር በቶሎ ይገባለታል። አምባዛ ግን ራሱ አጥንት ነው፣ እየተጠማዘዘ ይከፍታታል። የብረቱንና የፕላስቲክ ዓሦቹን ባለ ሦስት ጥርስ መንጠቆዎች ቀለበታቸውን ከፍተህ አውጣና ወፍራም ባለ አንድ ጥርስ ተካበት። ቅርንጫፍም ብዙ አይዝብህም፤ ዓሣውን መመለስ ብትፈልግም ሳትጎዳው ታወጣዋለህ። ጫፉ ላይ ያለውን ግልጽ ክር ደግሞ ወደ ስድስት ሰባት ኪሎ ከፍ አድርገው። በድፍርስ ውኃ የክር ውፍረት ማንም አያይብህም።

ገንደ ቆሬ፦
ግልጽ ክሩ ድሬ ላይ ይገኛል? የአጎቴ ልጅ የተወልኝ ትንሽ ጥቅል ነው፣ እያለቀ ነው።

የጅቡቲ ባቡር፦
ፍሎሮካርቦኑን ከጅቡቲ ላክልኝ የምትለው ሰው ካለህ ይሻላል። ተራውን ናይሎን ግን እዚሁ ድሬ፣ ታይዋን የሚባለው ገበያ ውስጥ መረብና ገመድ የሚሸጡት ጋ ታገኛለህ። ጥቅሉ ላይ የተጻፈውን ኪሎ አትመን። ሱቁ ደጃፍ ላይ ሁለት ክንድ ያህል ሳብና ቋጠሮ ሥራበት፤ ቋጠሮውን በምራቅህ አርሰህ አጥብቀው፣ ከዚያ በሁለት እጅህ ሳበው። በትንሹ ከተበጠሰ ወይም ሲጠቀለል የቆየበትን ቅርጽ ይዞ አልዘረጋም ካለ ፀሐይ ላይ የከረመ ነው፤ ሌላ ጥቅል ከውስጥ እንዲያወጣልህ ጠይቀው።

ቀፊራ፦
ከመረብ ሻጮቹ ሦስተኛው ሱቅ ሽማግሌው ጋ ሂድ፤ ክሩን ጥላ ውስጥ ነው የሚያስቀምጠው። በሚቀጥለው ስትወርዱ ደግሞ ቆሮሶ ካተረፋችሁ እኔ እገዛለሁ።